ኤድዋርድ ዋርነር

ኤድዋርድ ፒርሰን ዋርነር (ኖቬምበር 9 ቀን 1894 – ጁላይ 11 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ መምህር፣ የመንግሥት ሹምና የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ምክር ቤት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። ስሙ ባብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ከመጨረሻው ሹመቱ ጋር ነው። ከሹመቱ በፊት የሠራው ሥራ ግን ዛሬም በእያንዳንዱ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ አለ። አንድ አውሮፕላን ለአብራሪው እጅ ምን ያህል እንደሚታዘዝ፣ የት ላይ እንደሚያስቸግር፣ መቼ እንደሚከዳ በበረራ ላይ ለክተው በቁጥር ማስቀመጥ ከጀመሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ዋርነር በፔንሲልቬንያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ፤ የተማረው ግን በቦስተንና በአካባቢዋ ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። በ1916 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በዓመቱ ደግሞ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በምህንድስና ዲግሪ ያዘ፤ በ1919 እዚያው የማስተርስ ዲግሪውን ጨረሰ።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ኤምአይቲ ለጦር ሠራዊቱና ለባሕር ኃይሉ መኮንኖች የአውሮፕላን ትምህርት መስጠት ነበረበት። ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለነበር ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ዋርነር አስተማሪ ሆነ።

የአውሮፕላን ጠባይ

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፣ ቁመቷን ገምቶ ብቻ ገንዘቡን አይከፍልም፤ ይቀመጥባታል። ልጓም ስትሳብ ትቆማለች? ቁልቁለት ላይ ትደነብራለች? ይህን የሚያውቀው የተቀመጠባት ሰው ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአውሮፕላን ነገርም ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። ፍጥነቱ ይለካል፣ ምን ያህል ከፍታ እንደሚወጣ ይለካል፣ ምን ያህል ጭነት እንደሚያነሣ ይለካል። ለማብረር ይመቻል ወይስ አይመችም ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ የአብራሪው ቃል ብቻ ነበር፤ አብራሪዎችም በአንድ አውሮፕላን ላይ የተለያየ ቃል ይሰጡ ነበር።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አልነበረም። የራይት ወንድማማቾች የ1903 አውሮፕላን በራሱ የማይረጋጋ ነበር፤ አብራሪው ለአፍታ እንኳ እጁን ቢያነሣ አፍንጫው ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ይሄዳል። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች የሠሩት ቢኢ2ሲ ተቃራኒው ችግር ነበረበት፤ እጅግ የተረጋጋ ስለነበር ጠላት ሲመጣበት በፍጥነት መታጠፍ አይሆንለትም፤ ብዙዎቹ ተመትተው ወደቁ። ሶፕዊዝ ካሜል የተባለው ተዋጊ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ስለነበር ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አፍንጫውን ይደፋል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ያነሣል። ይህን ያልለመዱ ብዙ ተማሪዎች ጠላት ሳያዩ በልምምድ ላይ ሞተዋል። ስለዚህ መረጋጋት ምን ያህል ይበቃል፣ ምን ያህልስ ይበዛል የሚለው የሕይወት ጥያቄ ነበር። መልሱን ሊሰጥ የሚችል መለኪያ ግን አልነበረም።

ንድፈ ሐሳቡ አልጠፋም ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ብራያን የአውሮፕላንን እንቅስቃሴ የሚገልጹትን እኩልታዎች በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ አስቀምጧቸዋል። የነፋስ ዋሻም ነበረ፤ በዋሻ ውስጥ ትንሽ ሞዴል አቁሞ ነፋስ እየነፉ ኃይሉን መለካት ይቻላል። የጎደለው ሦስተኛው ነገር ነው፤ እውነተኛውን አውሮፕላን በእውነተኛ አየር ላይ አብርሮ መለካት።

ላንግሊ፣ 1919

የአሜሪካ መንግሥት በ1915 ናካ የሚባለውን ብሔራዊ የአየር በረራ አማካሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ የዛሬው ናሳ የተወለደው ከእሱ ነው። ናካ በቨርጂኒያ ግዛት በላንግሊ ሜዳ ቤተ ሙከራ ማሠራት ሲጀምር ዋርነር በ1919 የመጀመሪያው ዋና የፊዚክስ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ቤተ ሙከራው በሚገባ ሥራ አልጀመረም፤ የነፋስ ዋሻውም ገና አልተመረቀም ነበር። ዋርነርና የሥራ ባልደረባው ፍሬድሪክ ኖርተን ግን ከጦር ሠራዊቱ የተዋሷቸው ሁለት አውሮፕላኖች ነበሯቸው፤ ጄኒ እየተባለ የሚጠራው ከርቲስ ጄኤን-4ኤችና ዲ ሃቪላንድ ዲኤች-4።

በዚያ በጋ ያደረጉት ሙከራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አብራሪው አውሮፕላኑን በአንድ ፍጥነት ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ፍጥነቱ ሲረጋ ሁለት ነገር ይመዘገባል፦ ኤሌቬተሩ (በጅራቱ ላይ አፍንጫን ለማንሣትና ለመድፋት የሚንቀሳቀሰው ሰሌዳ) በስንት ዲግሪ እንደቆመ፣ አብራሪውም መሪውን በዚያ ቦታ ለመያዝ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ። ከዚያ ፍጥነቱን ትንሽ ይጨምራል፤ እንደገና ይረጋል፤ እንደገና ይመዘገባል። ከዝቅተኛው ፍጥነት ጀምሮ አውሮፕላኑ እስከሚችለው ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። በመጨረሻ ነጥቦቹ በወረቀት ላይ ሲያያዙ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ፤ አንዱ የኤሌቬተሩ አንግል ከፍጥነት ጋር፣ ሌላው የእጅ ኃይል ከፍጥነት ጋር።

ቁም ነገሩ ያለው በመስመሮቹ አዘማመም ላይ ነው። አብራሪው በፍጥነት ለመሄድ መሪውን ወደፊት መግፋት፣ ለመዝገም ደግሞ ወደ ኋላ መሳብ ካስፈለገው አውሮፕላኑ የተረጋጋ ነው፤ መሪው ቢለቀቅ ወደ ነበረበት ፍጥነት ይመለሳልና። መስመሩ ከጠፋ፣ ማለትም ፍጥነት ሲለወጥ የእጅ ኃይል ካልተለወጠ፣ አብራሪው ፍጥነቱን በእጁ ስሜት ሊያውቅ አይችልም። መስመሩ ወደ ተቃራኒው ከዞረ ደግሞ አደገኛ ነው፤ አውሮፕላኑ መፍጠን ሲጀምር መሪው ራሱ ይበልጥ እንዲፈጥን ይገፋፋዋል። አንድ አውሮፕላን በአንዱ ፍጥነት የተረጋጋ፣ በሌላው ፍጥነት ያልተረጋጋ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከመስመሩ ላይ ይታያል።

ከሙከራ አብራሪዎቹ አንዱ ኤድመንድ አለን ነበር። አለን ኋላ በአሜሪካ ካሉት የሙከራ አብራሪዎች ሁሉ የታወቀው ሆኖ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943 የቢ-29 ቦምብ ጣይ ናሙና ሲሞክር በሲያትል በእሳት ቃጠሎ ተከስክሶ ሞቷል። የ1919ኙ ሥራ ለአለን ያስተማረው ነገር አለ ማለት ይቻላል፤ የሙከራ አብራሪ ሥራ ድፍረት ማሳየት ሳይሆን ፍጥነትን፣ ከፍታንና እጅን በትዕግሥት አንድ ቦታ ላይ መያዝ ነው። መርፌው ከተወዛወዘ ንባቡ ዋጋ የለውም።

የዋርነርና የኖርተን ዘገባ በናካ ዘገባ ቁጥር 70 ሆኖ በ1920 ወጣ። አውሮፕላን ራሱ ሚዛን የሚሆንበት፣ አብራሪውም የመለኪያው አካል የሚሆንበት መንገድ በአሜሪካ የተጀመረው ከዚህ ነው። ዋርነር ግን በላንግሊ ብዙ አልቆየም፤ በ1920 ወደ ኤምአይቲ ተመለሰ።

ፕሮፌሰር፣ ሹም፣ አዘጋጅ

በኤምአይቲ በ1924 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያን ጊዜ በክፍሉ ከተማሩት መካከል በ1925 የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘው ጄምስ ዱሊትል ይገኝበታል፤ ዱሊትል በ1942 ቶኪዮን በቦምብ የደበደበውን ጓድ የመራው ሰው ነው። ዋርነር ስለ አውሮፕላን ንድፍና ስለ አየር ኃይሎች የጻፈው የመማሪያ መጽሐፍ በ1927 ታተመ።

በ1926 በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ውስጥ ለአየር ጉዳዮች ረዳት ሚኒስትር የሚሆን አዲስ ሹመት ሲፈጠር ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ የመጀመሪያው ተሿሚ አድርጎ የመረጠው ዋርነርን ነው። ዕድሜው ገና 31 ነበር። በሥራው ላይ በቆየበት ጊዜ ባሕር ኃይሉ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,000 አውሮፕላን የማሟላት ዕቅድ ጀመረ፤ ሌክሲንግተንና ሳራቶጋ የተባሉት ትላልቅ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችም አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። በ1929 ሥልጣኑን ለቅቆ የአንድ የአቪዬሽን መጽሔት አዘጋጅ ሆነ፤ እስከ 1935 ድረስም በዚያ ሥራ ቆየ። የአዘጋጅነቱ ዘመን ሲታይ ከሙያው የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ከፋብሪካ፣ ከአየር መንገድ፣ ከጦር ኃይልና ከአብራሪዎች ጋር በየቀኑ ያገናኘው ይህ ሥራ ነው፤ ቀጥሎ የመጣውን ሥራ ያለዚህ ትውውቅ ሊሠራው አይችልም ነበር።

የ1935 ሰነድ

በ1930ዎቹ መካከል ዳግላስ ኩባንያ ዲሲ-3ን እየጨረሰ ነበር፤ አውሮፕላኑ በዲሴምበር 17 ቀን 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። አየር መንገዶች ግን ከዚያም የሚበልጥ፣ አራት ሞተር ያለውና 40 ያህል መንገደኛ የሚጭን አውሮፕላን ፈለጉ። ይህ ኋላ ዲሲ-4ኢ የተባለው ነው። ዋርነር ለዚህ ሥራ አማካሪ ሆነ።

አንድ አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያዝዝ የሚፈልገውን ፍጥነት፣ ርቀትና ጭነት በውል ላይ ይጽፋል። ዋርነር የጠየቀው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ የአውሮፕላኑ ጠባይስ ለምን በውሉ ላይ አይጻፍም? ያን ያህል ትልቅ አውሮፕላን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ አብራሪው ሊያዝዘው ካቃተው፣ ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ወደ ሙከራ አብራሪዎች፣ ወደ አየር መንገድ አብራሪዎችና ወደ መሐንዲሶች ዞሮ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀ፤ መልሳቸውን ሰብስቦ ወደ መስፈርት ለወጠው። ኮምፒውተር የሚያጠና ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ተጠቃሚው ጥሩ ነው ወይም ያስቸግራል ይላል፤ ሠሪው ግን ሊፈተሽ የሚችል ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ዋርነር ያደረገው ከአንዱ ወደ ሌላው መተርጎም ነው።

ሰነዱ የሚነካቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ። አውሮፕላኑ በየፍጥነቱ እንዲረጋጋ፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ አብራሪው አቅጣጫውን መያዝ እንዲችል፣ መሪዎቹ በሰው አቅም ልክ እንዲሆኑ፣ ከተናጠ በኋላ መወዛወዙ በራሱ እንዲከስም የሚሉት ይገኙበታል። በአሜሪካ የአውሮፕላንን የበረራ ጠባይ በቁጥር ለመደንገግ የተደረገ የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

የሰነዱ ድክመት ግን ግልጽ ነበር። ቁጥሮቹ የተቀመጡት በግምትና በልምድ ነው። በየትኛው አውሮፕላን ላይ ተለክተው አብራሪዎች ወደዷቸው? በየትኛውም አይደለም። የናካ አባል ስለነበር ዋርነር ይህን ክፍተት ወደ ላንግሊ ወሰደው።

ቁጥሩና የአብራሪው እጅ

ላንግሊ ሥራውን ለሃርትሊ ሱሌ ሰጠው። ሱሌ ስቲንሰን ሪላየንት የተባለች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ወስዶ በውስጧ የመመዝገቢያ መሣሪያዎችን ሞላባት። ፍጥነቱ፣ የመሪዎቹ አቀማመጥ፣ የአብራሪው የእጅና የእግር ኃይል፣ አውሮፕላኑ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ተቆጣጥሮ በፊልም ላይ ይቀረጽ ነበር። አብራሪው ደግሞ ስሜቱን ይናገራል። ዓላማው ሁለቱን ማጋጠም ነበር፤ አብራሪው ወደድሁት ያለው ባሕርይ በፊልሙ ላይ ምን ይመስላል?

ከውጤቶቹ አንዱ ማንም ያልጠበቀው ነበር። አውሮፕላን ሲናጥ የሚያሳየው ፉጎይድ የሚባል ረዥም ውዝዋዜ አለ፤ አፍንጫው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይደፋል፣ ይፈጥናል፣ እንደገና ይነሣል። አንዱ ዙር ብዙ ሰከንድ ይወስዳል። ንድፈ ሐሳበኞች ከብራያን ዘመን ጀምሮ ትልቅ ቦታ የሰጡት ለዚህ ውዝዋዜ ነው፤ እኩልታው ስለሚያምር ይሆናል። ዋርነርም በሰነዱ ውስጥ ገደብ አስቀምጦለት ነበር። ሙከራው ሲደረግ ግን የፉጎይዱ ልክና አብራሪው ስለ አውሮፕላኑ ያለው አስተያየት አልተዛመዱም። ውዝዋዜው ቀርፋፋ ስለሆነ አብራሪው ልብ ሳይለው በእጁ ያርመዋል። ይህ መስፈርት ኋላ ላይ እንዲቀር ተደረገ። የዋርነር ሰነድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ትክክል ስለነበረ ሳይሆን ሊፈተሽ የሚችል ስለነበረ ስሕተቱ ተገኘ።

የሱሌ ዘገባ በ1940 ከወጣ በኋላ ሥራውን የተረከበው ሮበርት ጊልሩዝ ነው። ጊልሩዝ ከደርዘን በላይ የተለያዩ አውሮፕላኖችን በአንድ ዓይነት ዘዴ አስፈትሾ የአብራሪዎቹን አስተያየት ከመለኪያው ጋር አስተያየ፤ ያልተዛመደውን ጣለ፣ የተዛመደውን አስቀረ። ካስቀራቸው መካከል አንዱ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው፤ አብራሪው አውሮፕላኑን አጥፎ ወይም ከቁልቁለት ሲያነሣ በሰውነቱ ላይ የመደበኛ ክብደቱን ያህል በተጨመረ ቁጥር መሪውን ምን ያህል ተጨማሪ ኪሎ መሳብ አለበት የሚለው። ኃይሉ እጅግ ካነሰ አብራሪው ሳያስበው ክንፉን ሊሰብር ይችላል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ ከቁልቁለት ለመውጣት ጉልበት ያጥረዋል። ጊልሩዝ ኋላ ሰውን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን የናሳ የሰው በረራ ማዕከል የመራው ሰው ነው።

ዲሲ-4ኢ ራሱ በጁን 7 ቀን 1938 በረረ። ጅራቱ ሦስት ቁም ክንፎች ነበሩት። ለአየር መንገዶቹ ግን እጅግ ውስብስብና ለጥገና ውድ ሆነባቸው፤ በ1939 ለጃፓን ተሸጠ። ዳግላስ ቀለል አድርጎ እንደገና የነደፈው ዲሲ-4 ነው የተሳካው። ሰነዱ የተጻፈለት አውሮፕላን ከሸፈ፤ ሰነዱ ግን ቀረ።

ቺካጎ፣ ሞንትሪያልና ኢትዮጵያ

ዋርነር ከ1939 ጀምሮ በአሜሪካ የሲቪል አየር በረራ ቦርድ አባል፣ ኋላም ምክትል ሊቀ መንበር ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ 52 አገሮች ተሰብስበው ከጦርነቱ በኋላ የዓለም አየር እንዴት እንደሚተዳደር ሲወያዩ ከአሜሪካ ልዑካን አንዱ ሆኖ ተገኘ። ከአፍሪካ የነበሩት ግብፅ፣ ላይቤሪያ፣ የደቡብ አፍሪካ ኅብረትና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ ከወጣች ገና ሦስት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው፤ የራሷ አየር መንገድም አልነበራትም።

ስብሰባው ያቋቋመው ጊዜያዊ ድርጅት በ1945 በካናዳ በሞንትሪያል ሥራ ሲጀምር የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋርነር ሆነ። ስምምነቱ በኤፕሪል 4 ቀን 1947 ጸንቶ ኢካኦ በቋሚነት ሲቆምም በቦታው ቀጠለ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የስምምነቱ አባል ሆነች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲደብልዩኤ አየር መንገድ አጋዥነት የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ የዲሲ-3 የጦር ሠራዊት ዓይነት የሆኑት ሲ-47 ነበሩ። በአገር ውስጥም እንደ ጅማ ባሉ መንገድ በክረምት በሚያስቸግራቸው ከተሞች ሰውና ቡና ለብዙ ዓመታት ያመላለሰው ይኸው ዲሲ-3 ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ አገር የበረራ ጠባይ መስፈርት የወረቀት ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አብራሪው በፍጥነት መለኪያው ላይ የሚያነበው ቁጥር ያው ቢሆንም አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚሮጠው 12 በመቶ ገደማ በልጦ ነው። ሞተሩ ደክሟል፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ሜዳ ረዝሟል፣ የመታጠፊያው ስፋት ጨምሯል። በቨርጂኒያ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተሞከረ አውሮፕላን እዚህ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ አስቀድሞ የሚያውቅ መስፈርት ያስፈልጋል። ኢካኦ በዋርነር ጊዜ፣ በ1949፣ ያጸደቀው አባሪ 8 አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው የሚባለው ምን ሲያሟላ እንደሆነ ለአባል አገሮች ሁሉ የሚደነግግ ነው። አንድ አገር ፈትሻ ብቁ ያለችውን ሌላዋ እንድትቀበል መሠረት የሆነውም ይህ ዓይነቱ የጋራ ደንብ ነው፤ አውሮፕላን የማትሠራ አገር በሠሪዋ አገር ፍተሻ ላይ ትደገፋለች ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ዋርነር በ1949 የዳንኤል ጉገንሃይም ሜዳሊያ ተሸለመ። ከኢካኦ በ1957 ጡረታ ሲወጣ አርጀንቲናዊው ዋልተር ቢናጊ ተተካ። ዋርነር ከዓመት በኋላ በጁላይ 11 ቀን 1958 በማሳቹሴትስ ግዛት በደክስበሪ በ63 ዓመቱ አረፈ። ኢካኦ ለአቪዬሽን ትልቅ አስተዋጽኦ ላደረጉ ሰዎችና ተቋማት የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት በስሙ ተሰይሟል።

የጀመረው ሥራ ከሞቱ በኋላም ቀጠለ። በ1969 ጆርጅ ኩፐርና ሮበርት ሃርፐር አብራሪው ለአውሮፕላኑ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥበትን ሚዛን አወጡ፤ 1 እጅግ መልካም፣ 10 ደግሞ ከቁጥጥር ውጭ የሚወጣ ማለት ነው። አብራሪው ነጥቡን በስሜቱ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ የተሰጠውን ተግባር በምን ያህል ድካም እንደፈጸመ ደረጃ በደረጃ እየመለሰ ይደርስበታል። የሙከራ አብራሪዎች ዛሬም የሚሠሩት በዚህ ነው።

የመሪው ክብደትና ቦይንግ 737 ማክስ

በ1919 በላንግሊ የተሳለው የእጅ ኃይል መስመር ከመቶ ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ምድር በከባድ ሐዘን እንደገና ተነሣ።

ቦይንግ 737 ማክስ ከቀደሙት የ737 ዓይነቶች የሚበልጡ ሞተሮች ተገጠሙለት፤ ሞተሮቹ ስለማይበቃቸው ወደፊትና ወደ ላይ ተገፍተው ተቀመጡ። በዚህ የተነሣ አፍንጫው እጅግ ሽቅብ ሲል የሞተሮቹ ሽፋን ራሱ ሽቅብ የሚያነሣ ኃይል ይጨምራል፤ አብራሪው መሪውን ይበልጥ ሲስብ ክብደቱ መጨመር ሲገባው ይቀልለዋል። የብቃት ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ መሪው ወደ ስቶል ሲጠጉ እየከበደ እንዲሄድ ያዛል። የቦይንግ መፍትሔ የአየር ቅርጹን መለወጥ አልነበረም። ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር የጅራቱን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲገፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ የሚያምነው ደግሞ ከሁለቱ የነፋስ አንግል ጠቋሚዎች የአንዱን ንባብ ብቻ ነበር። አንድ ጠቋሚ ቢሳሳት የሚያርመው የለም። ይህን ለመረዳት የአውሮፕላን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610 ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የግራው ጠቋሚ የተሳሳተ ንባብ መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ኤምካስም አፍንጫውን ደጋግሞ ደፋው። አብራሪዎቹ የጅራቱን ክንፍ በእጅ ለማዞር ሞክረው ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ግን በክንፉ ላይ ያለው የአየር ኃይል እጅግ ከባድ ስለሆነ ሊንቀሳቀስላቸው አልቻለም። ለእጅ ኃይል ደንብ ሲባል የተጨመረው ሥርዓት አብራሪዎቹን ከእጅ ኃይል በላይ በሆነ ነገር ላይ ጣላቸው።

አውሮፕላኑ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። ከተሻሻለ በኋላ ኤምካስ የሁለቱንም ጠቋሚዎች ንባብ ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም። አፍንጫውንም ደጋግሞ እንዳይደፋ፣ አብራሪው በመሪው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይም እንዳያዞር ተገድቧል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስን እንደገና ማብረር የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።